የጅንባርና የድንበሩ ውኃ ሙግት

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን የሥራ ባልደረቦቼ ፒያሳ አካባቢ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ የሽኝት ግብዣ ብጤ አደረጉልኝ። ብዙ ተናገሩ። ከተነገረው ሁሉ የተጨበጨበለት ግን አንድ ነገር ነው። አንዱ ብድግ ብሎ «ሞላን በምን ታስታውሱታላችሁ?» ሲል፣ የተቀመጠው ሁሉ በአንድ አፍ «በጥቅምት» አለ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ዕድሜዬን ሙሉ እንግዳ ይዤ ሰሜን ተራሮችን ስወጣ ስወርድ ኖሬ፣ በመጨረሻ መጠሪያዬ የአንድ ወር ስም ሆኖ ቀረ። ነገሩን ከጎንደር አስጎብኚዎች ያልሰማ የለም። ግን እያንዳንዱ የራሱን እየጨመረበት ስለሚያወራው፣ ባለቤቱ በሕይወት ሳለሁ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ሥራ የጀመርኩት እዚሁ ጎንደር፣ በነገሥታቱ ግቢ ነው። የተወለድኩት ደባርቅ ነው፤ ለትምህርት ወደ ከተማ እንደመጣሁ ቀረሁ። የመጀመሪያው አለቃዬ አቶ ይርሳው ክራቫታቸውን በሐሩርም የማይፈቱ ሰው ነበሩ። ለእሳቸው አስጎብኚ ማለት የማይሳሳት ሰው ማለት ነው። የየሕንፃውን ከፍታና የየንጉሡን ዘመን በቃል አስጠንተውን፣ ጠዋት ጠዋት በር ላይ እየጠየቁ ያስገቡናል። የተሳሳተ ሰው ያን ቀን ትኬት ሲቆርጥ ይውላል። እኔ ብዙ ትኬት ቆርጫለሁ። አሁን ሳስበው ግን በእሳቸው መቀለድ አልፈልግም። ሰዓት ማክበርን፣ ጫማ መወልወልንና ያላወቁትን ነገር «አላውቅም» ማለትን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ይህን የመጨረሻውን አንድ ጊዜ ረሳሁት፤ ዋጋውንም የከፈለልኝ ሌላ ሰው ነው።

ከግቢው ወደ መንገድ ሥራ ተዛወርኩ። እንግዳ ከሆቴል መቀበል፣ ወለቃ ላይ ሸክላ እንዲያዩ ማቆም፣ ኮሶዬ ላይ ሻይ ጠጥተው ቁልቁል ቆላውን እንዲያዩ ማቆም፣ ከዚያ ደባርቅ፣ ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር። መንገዱ ያን ጊዜ ፒስታ ስለነበር ማኪናው አቧራውን እኛው ላይ ይመልሰዋል። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለጫማ ይበቃ ነበር፤ ስለሱ ከዚህ በላይ የሚባል የለም።

አያ ጥጋቡን ያገኘሁት ሳንቃበር ነው። በበቅሎ ጫኝነት ጀምረው ወደ አስጎብኚነት ያለፉ የዚያው አገር ገበሬ ነበሩ። እንግሊዝኛቸውን የለቃቀሙት ከእንግዶቻቸው ስለሆነ አንዱን ቃል እንደ ጀርመን፣ አንዱን እንደ አውስትራሊያ ሰው ይሉታል። ረጅም፣ ቆፍጣና፣ የሱፍ ቆባቸውን ክረምት ከበጋ የማያወልቁ፣ ሲያኮርፉ ደግሞ ለሦስት ሰው የሚበቃ ኩርፊያ የሚያኮርፉ ሰው ናቸው። በሰፈራቸው ሁለት ገበሬዎች በድንበር ሲጣሉ ለሽምግልና የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ሙግት ይወዳሉ። የሰው ሙግት ሲጠፋ የራሳቸውን ይፈልጋሉ።

ሥራቸው ጅንባር ነበር ማለት ይቻላል። ለማያውቀው ሰው ልንገር፤ ጅንባር ተራራው ራስ ላይ ሲታይ ተራ ወንዝ ነው። በሣር መሀል ይፈሳል፣ በቅሎ ጉልበቷን ሳታረጥብ ትሻገረዋለች። ከዚያ መሬቱ ድንገት ያልቅበትና ወንዙ እንዳለ ወደ ግጭ ገደል ይወድቃል። ፊት ለፊቱ፣ ከገደሉ ማዶ፣ ሾልኮ የወጣ ጠባብ የድንጋይ አፋፍ አለ። ፏፏቴው በደንብ የሚታየው ከዚያ ላይ ብቻ ነው። ግራውም ቀኙም ባዶ አየር ነው፣ ከታች የጭላዳ ድምፅ ይሰማል።

ከአፋፉ መለስ ብሎ የአስታ ዛፎች አሉ። አያ ጥጋቡ እንግዳውን መጀመሪያ እዚያ ያስቀምጡታል። ፏፏቴ የሚባል ነገር አያነሡም። ውኃ ይጠጣል፣ ቦርሳ ይወርዳል፣ የጫማ ማሰሪያ ይጠብቃል። የሰውየው ትንፋሽ ካልሰከነ አይነሡም። ካሜራ የያዘ ካለ ማንገቻውን አንገቱ ውስጥ ራሳቸው ያስገቡለታል። ከዚያ «አሁን ዝም ብለን እንሄዳለን» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ቃል አይወጣቸውም። እንግዳው አፋፉ ላይ ቆሞ፣ አይቶ፣ ጠግቦ፣ በራሱ ጊዜ ወደ ኋላ እስኪዞር አይናገሩም። ቁመቱ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን የሚያገኘው ተመልሶ አስታው ሥር ሲደርስ ነው። አንዲት እንግዳ «አስጎብኚው ያለ ምክንያት ተጣልቶኛል» ብላ ጎንደር ቢሮ ድረስ አመልክታ፣ የሁላችንም አለቃ የነበሩት አቶ ይርሳው ማስጠንቀቂያ ጽፈውባቸዋል። አያ ጥጋቡ ማስጠንቀቂያውን ተቀብለው፣ አመስግነው፣ በሚቀጥለው ቀንም ዝም አሉ።

ለእኔ ይህ ልማድ ኩራት ነበር የመሰለኝ። በመጀመሪያው ጉዞዬ ከእሳቸው ቀድሜ አፋፉ ላይ ወጣሁና እጄን ዘርግቼ «ይኸውላችሁ ጅንባር» አልኩ። አንዱ ጎልማሳ ካሜራውን ዓይኑ ላይ እንደደገነ ወደፊት ተራመደ። ሌላ አንድ እርምጃ ቢጨምር ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ነበር የምጽፈው። አያ ጥጋቡ ከኋላ ቀበቶውን ይዘው መሬት ላይ አስቀመጡት። ለእኔ ያን ሰዓት ምንም አላሉኝም። ሲመለሱ ግን ከእንግዶቹ ራቅ አድርገው ያዙኝ።

«ምነው አፍህ ቀደመ?» አሉኝ።

«ላሳያቸው ብዬ ነው፣ አያ።»

«አንተ ስትጮህ ዓይኑ ይሮጣል። ዓይኑ ሲሮጥ እግሩም አብሮ ይሮጣል። ዝም ካልክ ራሱ ይቆማል። ውኃው እንደሆነ ያላንተ ይታያል።»

ከዚያ ወዲህ እዚያ አፋፍ ላይ ተናግሬ አላውቅም። እንግሊዝኛዬ ከእሳቸው ይሻል ነበር፤ ቁጥሩንም አቶ ይርሳው እንዳስጠኑኝ አውቀዋለሁ። ግን አልተናገርኩም። ሲያረጁ እኔ የእሳቸውን ቦታ ያዝኩ፣ እኔም ሁለት ጊዜ ተከሰስኩ።

እንግዳ ሁሉ፣ በተለይ ብዙ አገር የዞረው፣ አስታው ሥር ተመልሶ ሲቀመጥ የሚላት አንዲት ነገር ነበረች። «ቆንጆ ነው። በዛምቢያና በዚምባብዌ ድንበር ላይ ያለውን ግን አይተኸዋል?» ይላል። ቀጥሎ እጁን እየዘረጋ ያ ፏፏቴ እንዴት ትልቅ እንደሆነ፣ የውኃው ጭስ ከየት ድረስ እንደሚታይ፣ ሁለት አገር እንዴት እንደተካፈለው ያወራል። እኔ ጨዋታ ነው ብዬ አልፈዋለሁ። አያ ጥጋቡ ግን ተከሳሽ ሆነው ነው የሚያዳምጡት። ትልቅነቱ በቁመት ይሁን በስፋት፣ ውኃው በአንዴ ይውረድ በደረጃ፣ አንድ በአንድ ይጠይቃሉ። አንዱ የነገራቸው ከሌላው ጋር አይገጥምም። «ምስክሮቹ አይስማሙም» ይሉኛል በአማርኛ። አንድ ቀን ታዲያ ይህን ተናገሩ፤ «እኔ ያላየሁትን ውኃ አሸናፊ አላደርግም። አይቼ እፈርዳለሁ።»

በቀልድ ነበር የወሰድኩት። የሰሜን ተራራ ገበሬ፣ ለዚያውም ከጎንደር ወዲያ ያልተሻገረ ሰው፣ ዛምቢያ ምን ይወስደዋል?

ከዚያ ጊዜው ተለዋወጠ። እሳቸው ሥራ ካቆሙ በኋላ እንግዳው እያደር ሳሳ፤ ቀጥሎም መንገዱ ሰላም ሲያጣ ጨርሶ ቀረ። እንግዳ የሚቀበለው ሆቴል የሠርግ አዳራሽ ሆነ። የእኛ ልጆች ገሚሶቹ ባጃጅ መንዳት ያዙ። ቢሮው እኔን ወደ ውጭ የሚሄዱ መንገደኞችን ጉዳይ ወደሚያስፈጽመው ክፍል አዛወረኝ፤ ሰው ስቀበል ኖሬ ሰው የምሸኝ ሆንኩ። ጡረታዬ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ስመኝ ደወለችልኝ። ስመኝ የአያ ጥጋቡ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። አባቷን ለሕክምና ጎንደር አምጥታቸው ነበር።

«ዓይናቸው ነው፣ ግላኮማ አሉን» አለችኝ። «የሄደው አይመለስም፤ የቀረውም ብዙ አይቆይም። የዳር የዳሩን አያዩም። ፊት ለፊት ትንሽ አለች። ሐኪሙ የሚመኙት ነገር ካለ አሁን አሳይዋቸው አለኝ። ጠየቅኳቸው። አንተን ጥሪልኝ አሉ።»

ሄድኩ። ኢየሩሳሌም የሚሉ መስሎኝ ዋጋውን ሁሉ በልቤ አስቤ ነበር። አያ ጥጋቡ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፣ ቆባቸው እንዳለ ነው። ፊታቸውን ትንሽ ዘወር አድርገው፣ እንደ ዶሮ በአንድ በኩል አዩኝ።

«ያን የድንበሩን ውኃ አሳየኝ» አሉ።

ስመኝ ሳቀች። «አባባ፣ ኢየሩሳሌም አይሻልም?»

«ኢየሩሳሌም ዓይን አይፈልግም» አሉ። «ይኼ ይፈልጋል።»

ወጪውን ስመኝ ቻለችው፤ አብሬ የምሄደው እኔ፣ ጉዳዩን የማስፈጽመውም እኔ ሆንኩ። ደስ ብሎኛል፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ከሥራ ልሰናበት ስል አንድ የሚያኮራ ጉዞ አገኘሁ ብዬ ነበር። ቀኑን የመረጥኩት ያለ ብዙ ማሰብ ነው። ፏፏቴ የሚታየው በጥቅምት ነው። ክረምት ላይ ጅንባር ሞልቶ ጉም ይሸፍነዋል፣ ግንቦት ላይ ሰማዩ ጠርቶ ውኃው ክር ያክላል። ጥቅምት ግን ውኃውም ሙሉ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። ለአንድ የሰሜን አስጎብኚ ይህ እውቀት አይባልም፤ እንደ ስሙ የሚያውቀው ነገር ነው። ትኬቱን የምትቆርጥልን የአዲስ አበባ ልጅ በስልክ «ለምን ጥቅምት መረጡ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ወንዞች ስለሚሞሉና ሰማዩ ስለሚጠራ መሆኑን በትዕግሥት አስረዳኋት። «እሺ፣ እርስዎ ያውቃሉ» አለች። የዚያ አገር ክረምት ከእኛ ጋር የተገላቢጦሽ መሆኑን ልጅቷ ታውቅ ይሁን አትወቅ አልጠየቅኳትም። እኔ ግን ትምህርት ቤት ተምሬው ነበር። ካርታው ላይ የምድር ወገብ የምትባል መሥመር ነበረች፤ ያቺ መሥመር ዝናብን የምትመለከት ነገር መሆኗ አልታየኝም።

ለአያ ጥጋቡም ጋቢ ይያዙ አልኳቸው። ፏፏቴ ባለበት ብርድ አለ።

ሉሳካ ወርደን በአውቶቡስ ስንጓዝ በመስኮቱ የማየው ሣር ቢጫ ነበር። ዛፉ ቅጠል የለውም። ሙቀቱ ሰው የሚያዞር ነው። ያን ጊዜም አልነቃሁም፤ ቆላ ስለሆነ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አያ ጥጋቡ የጽጌን ጾም ይዘው ስለነበር በየደረስንበት የበቆሎ ገንፎ በጎመን እንበላለን። «ሸጋ ነው፣ ጤፍ ብቻ ነው የጎደለው» ይላሉ። ጋቢያቸውን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ በዚያች በቀረቻቸው ዓይን ፊት ለፊት እያዩ፣ እንደ ሙሽራ ዝም ብለው ሄዱ።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ፏፏቴው የምትወስደን የአገሩ አስጎብኚ ሆቴላችን መጣች። ፈገግታዋ የማይጠፋ ወጣት ሴት ናት። እኔም የሙያ ባልደረባዋ መሆኔን ስነግራት ደስ አላት። ጥላ ያለው መንገድ ይዘን ገባን። አፋፉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው አያ ጥጋቡን አንድ ዛፍ ሥር አስቀመጥኳቸው። ውኃ ጠጡ፣ ጫማቸውን አጠበቅኩላቸው። ትንፋሻቸው እስኪሰክን ጠበቅኩ። ልጅቷ ልትናገር ስትል በእጄ አስቆምኳት፤ ገብቷት ዝም አለች። «አሁን ዝም ብለን እንሄዳለን» አልኳቸው። ሳቅ አሉና ተነሡ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ።

ብቅ አልን።

ፊት ለፊታችን አንድ ረጅም ጥቁር የድንጋይ ግድግዳ ነበር። እዚህና እዚያ እንደ እንባ የሚያንጠባጥብ ርጥበት አለው። ከታች የረጋ አረንጓዴ ውኃ ይታያል። ወፍ ይጮኻል። ሌላ ነገር የለም።

አያ ጥጋቡ ቆሙ። እኔ እንደለመድኩት ዝም አልኩ፤ እሳቸውም ዝም አሉ። ፊታቸውን ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ዘወር አደረጉ። ቆባቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። ቆየን። እኔ በውስጤ ምን እንደ ሆነ እየገባኝ ነበር። ከዚያ ትከሻዬን ጨበጥ አድርገው ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ሞላ፣ ዓይኔ የሄደች መሰለኝ። ድንጋይ ብቻ ነው የሚታየኝ።»

በሥራ ዘመኔ ብዙ ክፉ ሰዓት አይቻለሁ። እግሩ የተሰበረ ሰው ተሸክሜ ወርጃለሁ፣ ጉም ውስጥ መንገድ ጠፍቶብኝ ያውቃል። እንደዚያች ሰዓት ግን የከበደኝ የለም።

«ዓይንዎ አይደለም፣ አያ» አልኳቸው። «ውኃው ነው የሌለው።»

ልጅቷ በትሕትና አስረዳችን። ጥቅምት የበጋቸው ጫፍ ነው፣ ዝናቡ ገና ወደፊት ነው። በዚህ ወር የዛምቢያ ወገን ይደርቃል፤ የቀረው ውኃ ሁሉ ወደዚያኛው አገር ወገን ይሰበሰባል። «የሞላ ጊዜ የምትመጡት በሚያዝያ ነው» አለች። «ያን ጊዜ እዚህ በቆምንበት የቆመ ሰው ምንም አያይም። ጭሱ እንደ ዝናብ ስለሚወርድ ዓይን አይከፈትም። ሰዉ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚቆመው። ድምፁ ደረቱ ውስጥ ይገባል፣ ልብሱ ይበሰብሳል፣ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ ዓይን አያስፈልግም።»

አያ ጥጋቡ እንግሊዝኛው ገብቷቸዋል። እኔም ገብቶኛል። እኒህን ሰው በሚያዝያ ባመጣቸው ኖሮ ዓይን ያለውም የሌለውም እኩል በሚሆንበት ሰዓት ይቆሙ ነበር፤ ውኃው ራሱ ፊታቸው ላይ ይመጣላቸው ነበር። እኔ ግን ዓይን ብቻ በሚሠራበት ወር አመጣኋቸው። በጣም አፈርኩ። ይቅርታ ልላቸው ስጀምር አቋረጡኝ።

«ጭራሽ የለም?» አሉ እሳቸው።

አንገቴ ላይ ያለውን አቅርቦ ማያ መነጽር አነሣሁ። ግድግዳውን ተከትዬ ሄድኩ፣ ሄድኩ። እጅግ ርቆ፣ ገደሉ ሊታጠፍ ሲል፣ ነጭ ነገር አለ። ይወርዳል።

«አለ፣ አያ። ብዙ ነው። ግን ከማዶ ነው፣ ዚምባብዌ።»

«ልንሄድ አንችልም?»

ልጅቷን ጠየቅናት። ቪዛችን አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ነው፤ ድንበሩን ከወጣን ወደዚህ አንመለስም፣ የመመለሻ ትኬታችን ደግሞ ከዚህ ነው። ያም የእኔ ሥራ ነበር። ርካሹን ነበር የመረጥኩት። አያ ጥጋቡ ይህን ሲሰሙ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ከገደሉ ዳር የተሠራውን አጥር በእጃቸው ዳሰሱና ተደገፉት። «በዛ መነጽር ውኃው ደህና ይታይሃል?» አሉኝ።

«ይታየኛል።»

«ከላይ ሲለቅ እየተቋጠረ፣ ጉች ጉች እያለ ነው የሚለቀው?»

«አዎ።»

«አንዷን ያዛት። ስትለቅ ለቀቀች በለኝ። ታች ስትደርስ ደረሰች በለኝ። ሌላ ምንም አትናገር።»

ምን ሊያደርጉ እንደሆነ አልገባኝም። አንዷን የውኃ ጉች ከገደሉ ከንፈር ላይ በዓይኔ ያዝኩ። «ለቀቀች» አልኩ። ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። ጉቿ ተበትና፣ ነጣ ብላ፣ ጭሱ ውስጥ ገባች። «ደረሰች።» ከንፈራቸው ቆመ።

«ድገም።»

ደገምኩ። ደግሜ ደጋገምኩ። አንዳንዷ መሀል ላይ ትጠፋብኛለች፤ ያን ጊዜ «ጠፋችብኝ» እላለሁ፣ «ሌላ ያዝ» ይሉኛል። ልጅቷ ከአጠገባችን ቆማ በግራ መጋባት ታየናለች። ሲበቃቸው ከአጥሩ ቀና አሉ።

«አባታችን ሆይን በግዕዝ ነው የምደግመው» አሉኝ። «ጅንባር ላይ ሰው በሌለ ጊዜ እየሄድኩ ስለካው ኖሬያለሁ፤ ለማንም አልነገርኩም። የጅንባር ውኃ ከላይ ለቆ ታች ሲደርስ እኔ የዕለት እንጀራ ከሚለመንበት ቦታ እደርሳለሁ። ይኼኛው ስሙን ቀድሼ ገና መንግሥቱን ሳልለምን አለቀ። የእኛ ይረዝማል። እጅግ ይረዝማል።»

ሳልወድ ሳቅኩ። ቁጥሩን እኔ በልጅነቴ አጥንቼዋለሁ፤ የሁለቱንም ቁመት አውቃለሁ፣ የእኛ ይረዝማል። አንድ ቀን ጠይቀውኝ ቢሆን በአንድ ቃል እነግራቸው ነበር። አልጠየቁኝም፤ ቢጠይቁኝም እንደ ምስክር ቃል ሰምተው ያቆዩት ነበር እንጂ አይፈርዱበትም። ሳቄ ግን ቶሎ ቀዘቀዘ። ይህን ለማወቅ አይደለም አሁን የመጡት። ለማየት ነው።

«አሁን ደግሞ ስፋቱን አሳየኝ» አሉ።

«እንዴት አድርጌ?»

«ምነው፣ እግር የለንም?»

እጃቸውን ትከሻዬ ላይ መለሱ። መንገዱ ደረቁን ግድግዳ ፊት ለፊት እያየ፣ አፋፍ አፋፉን ነው የሚሄደው። ልጅቷ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ሆነን ሄድን። ፀሐዩ ያቃጥላል። እኔ ምንም አልገለጽኩም፣ እሳቸውም አልጠየቁም። አንዲት ጠባብ ድልድይ ተሻገርን፤ ሞልቶ ቢሆን እዚህ ላይ ሰው ይበሰብስ ነበር አለች ልጅቷ። ደረቅ ብረት ነበር፣ እጅ ያቃጥላል። አያ ጥጋቡ ሲሄዱ አንገታቸው ወደ ግድግዳው ዞሮ ነው። የቅርቡን ድንጋይ ያዩት ነበር መሰለኝ፤ አንዳንዴ ቆም ይላሉ።

«አልቋል?»

«ገና ነው፣ አያ።»

እንደገና ሄድን። ዛፍ ሥር ቆመን ውኃ ጠጣን። ሽማግሌ ናቸው፣ እግራቸው ደክሟል፤ እንመለስ ብላቸው አልሰሙኝም። በመጨረሻ መንገዱ አንድ የብረት አጥር ላይ አበቃ። ከአጥሩ ወዲያ ገደል ነው፣ ከገደሉ ወዲያ ሌላ አገር።

«አልቋል?» አሉ።

መነጽሩን አነሣሁ። ግድግዳው ከማዶ ቀጥሏል። ነጩ ውኃ አሁን ቀረብ ብሏል፤ ከእሱ ቀጥሎ ሌላ ነጭ፣ ከዚያም ሌላ። ዓይኔ የሚያደርሰው እስከ አንድ ቦታ ነው፣ እዚያም አላበቃም።

«ያለቀው የእኛ መንገድ ነው፣ አያ። እሱ ይቀጥላል።»

«እስከ የት?»

«መጨረሻው አይታየኝም።»

አጥሩን በሁለት እጃቸው ያዙ። ፊታቸውን ወደ ማዶ አደረጉ። ከዚያ በኩል፣ አሁን ስንቀርብ፣ ትንሽ ጉርምርምታ ይሰማል። ረጅም ጊዜ አዳመጡ። እኒህ ሰው ዕድሜ ልካቸውን ስለ ጅንባር የተከራከሩ ናቸው፤ አንድም እንግዳ አሸንፏቸው አያውቅም። ጋቢያቸውን ከክንዳቸው ላይ አስተካከሉና፣ ሽምግልና ላይ ተቀምጠው ፍርድ ሲሰጡ በሚናገሩበት በዚያ በዝግታ ድምፅ፤

«በስፋቱ ተረትተናል» አሉ።

ይህን ሲሉ ዓይናቸው ያረፈችው ውኃው ካለበት በብዙ ወደ ቀኝ ነበር። ባዶ ሰማይ ነው የሚያዩት። እኔ ያን ጊዜ መቻል አቃተኝ። ድምፅ ላለማሰማት አፌን ብይዝም አፍንጫዬ አጋለጠኝ። አያ ጥጋቡ ዞር አሉ።

«ምነው ሞላ?»

«ምንም አይደለም፣ አያ። ጭሱ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው።»

እጃቸውን ሰድደው ትከሻዬን ፈልገው አገኙት።

«ጥቅምት ነው» አሉኝ። «ጭስ የለም።»